በሦስት ደቂቃ ቼዝ ሰው ያድጋል ወይ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ኮች። 27 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ስልኬ ላይ ቼዝ እጫወታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ተጫዋች ለሙሉ ጨዋታ 3 ደቂቃ የሚሰጠውን፣ ብሊትዝ የሚባለውን ፈጣን ጨዋታ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የ10 ደቂቃ። ከአንድ ዓመት በላይ ሬቲንጌ (የችሎታ ነጥቤ) 1200 አካባቢ ቆሟል። አንዱ ጓደኛዬ ‹ብሊትዝ አእምሮህን እያበላሸው ነው፤ ረጅም ጨዋታ ብቻ ተጫወት› ይለኛል። ሌላው ደግሞ ‹ትልቁን የቼዝ ማዕረግ የያዙት ግራንድማስተሮቹ ራሳቸው ቀኑን ሙሉ ብሊትዝ ላይ ናቸው፤ ብዙ የተጫወተ ብዙ ይማራል› ይላል። ማታ ያለኝ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። ከሦስት ወር በኋላ ሰሌዳ ላይ የሚካሄድ የክለብ ውድድር ልገባ አስቤያለሁ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 60 ደቂቃ ይሰጣል። የትኛውን ልስማ? የ10 ደቂቃውስ አይበቃኝም?»

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። የመጀመሪያው ጓደኛህ ምክሩ ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ልክ አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ ያየው ነገር እውነት ሆኖ የደመደመው ተሳስቷል።

ብሊትዝ አእምሮ አያበላሽም። የሚያደርገው ያለህን አውጥቶ ማሳየት ነው። ሰዓቱ ሲሮጥ እጅህ የሚሄደው ወደለመደው ነው። ጥሩ ልማድ ካለህ ጥሩው ይወጣል፤ መጥፎ ከሆነም መጥፎው። አዲስ ነገር ለመማር ግን ቆም ብሎ መጠራጠር ያስፈልጋል። በሦስት ደቂቃ ጨዋታ የተጠራጠረ ሰው ደግሞ በሰዓት ይሸነፋል። ስለዚህ ብሊትዝን እንደ ፈተና ቁጠረው። በየማታው አሥር ፈተና እየተቀመጠ ደብተሩን የማይገልጥ ተማሪ ውጤቱ ባለበት ይቆማል። ዓመቱን ሙሉ 1200 ላይ የቆምከውም በዚሁ ነው።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። አንድ ጨዋታ 40 እርምጃ ይወስዳል እንበል። በ3 ደቂቃ ጨዋታ ለአንድ እርምጃ የሚደርስህ 4 ሰከንድ ተኩል ነው። በ10 ደቂቃ 15 ሰከንድ ይሆናል። 15 ደቂቃ ሆኖ በየእርምጃው 10 ሰከንድ የሚጨመር ከሆነ ወደ 32 ሰከንድ ከፍ ይላል። 30 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ከሆነ 75 ሰከንድ ነው። አንተ የምትገባበት ውድድር አንድ ደቂቃ ተኩል ይሰጥሃል። በ2024 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ሲንጋፖር ላይ ዲንግ ሊረን እና ጉኬሽ ለዓለም ሻምፒዮናነት ሲጋጠሙ ለመጀመሪያዎቹ 40 እርምጃዎች ሁለት ሁለት ሰዓት ነበራቸው። ለአንድ እርምጃ ሦስት ደቂቃ መሆኑ ነው። አንተ ለሙሉ ጨዋታ የምትመድበውን ጊዜ እነሱ ለአንድ እርምጃ መድበውታል።

የ10 ደቂቃው ነገርም እዚሁ ላይ ይነሳል። የምትጫወትበት መተግበሪያ «ራፒድ» ብሎ ስለሚጠራው ረጅም ይመስልሃል። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ በፊዴ ሕግ ግን ለአንድ ተጫዋች 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ጨዋታ ሁሉ ብሊትዝ ነው። ራፒድ የሚባለው ከ10 ደቂቃ በላይ፣ ከ60 ደቂቃ በታች ያለው ነው። ጭማሪ ሰከንድ ካለ በ60 ተባዝቶ ይደመራል። ስለዚህ «አንዳንዴ ደግሞ የ10 ደቂቃ» ያልከውም በሕጉ ብሊትዝ ነው። የምትገባበት ውድድር ደግሞ ልክ ክላሲካሉ፣ ማለትም ረጅሙ መደበኛ ጨዋታ፣ የሚጀምርበት 60 ደቂቃ ላይ ነው። ያለ ዝግጅት ብትገባ ያን ያህል ጊዜ ይዘህ ስትቀመጥ የመጀመሪያህ ሊሆን ነው።

የጊዜ ማጠሩ ራሱ ግን ዋናው ጉዳት አይመስለኝም። ዋናው ጉዳት ብሊትዝ የውሸት ትምህርት ማስተማሩ ነው።

የስልክ ተጫዋቾች አጥብቀው የሚወዱትን ኢንግሉንድ ጋምቢት የሚባለውን ኦፕኒንግ (የጨዋታ አጀማመር) ልውሰድ። ከዚህ በታች ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል። ነጭ ወታደሩን ወደ ዲ4 ይገፋል፤ ጥቁር ወደ ኢ5 ገፍቶ በነጻ ይሰጠዋል። ነጭ ይበላል። ጥቁር ፈረሱን ወደ ሲ6፣ ነጭ ፈረሱን ወደ ኤፍ3፣ ጥቁር ንግሥቱን ወደ ኢ7 ያወጣሉ። ነጭ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር ለመጠበቅ ቢሾፑን ወደ ኤፍ4 ያመጣል። የጥቁር ንግሥት ቢ4 ላይ ሄዳ ቼክ ትላለች። ቢሾፑ ለመከለል ወደ ዲ2 ይመለሳል፤ ንግሥቲቱ ቢ2 ላይ ያለውን ወታደር ትበላለች። አሁን ነጭ «ንግሥቲቱን አገኘኋት» ብሎ ቢሾፑን ወደ ሲ3 ካመጣ አለቀለት። ጥቁር ቢሾፑን ቢ4 ላይ ይተክላል። ነጭ በንግሥቱ ዲ2 ላይ ሊከላከል ይሞክራል። ጥቁር ሲ3 ላይ ይበላል፤ ነጭ በንግሥቱ መልሶ ይበላል፤ የጥቁር ንግሥት ሲ1 ላይ ትወርድና ማት።

በሦስት ደቂቃ ጨዋታ ይህ ወጥመድ ደጋግሞ ይሠራል። ሬቲንግህ ትንሽ ከፍ ይላል፤ አንተም ጥሩ ኦፕኒንግ የያዝክ ይመስልሃል። ግን ነጭ ቢሾፑን ትቶ ፈረሱን ወደ ሲ3 ቢያወጣ የሚቸገረው ጥቁር ነው። ጥቁር ጠጠሮቹን ገና አላወጣም፤ ንግሥቱም ጠላት መሃል ብቻዋን ቀርታለች። አንድ ደቂቃ ተኩል ያለው ሰው ይህን ያየዋል። አራት ሰከንድ ያለው ላያየው ይችላል። ብሊትዝ ላይ የሸለመህ ጥሩ እርምጃህ አይደለም፤ የሌላው ሰው ችኮላ ነው።

የተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል። ሩክና ወታደር ብቻ የቀሩበት ጨዋታ ላይ ደርሰህ አሸናፊ ነህ እንበል። በትክክል እያሰብክ ትሄዳለህ፤ ሰዓትህ ያልቅና ትሸነፋለህ። እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደርስብህ ጭንቅላትህ የሚይዘው ምንድን ነው? «ከመጨረሻው ጨዋታ ሽሽ፤ መሃል ላይ በወጥመድ ጨርስ።» ከዚያ በኋላ ስለ ኢንድጌም፣ ጥቂት ጠጠር ስለሚቀርበት የጨዋታው መጨረሻ፣ መማር ትተዋለህ። 1200 ላይ ከቆሙት ብዙዎቹ ሩክና ወታደር ሲቀር ምን እንደሚደረግ አያውቁም። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። በሚጫወቱት ሰዓት እዚያ መድረስ ትርፍ ስለሌለው ነው።

ወደ ሁለተኛው ጓደኛህ እንምጣ። ግራንድማስተሮች ብሊትዝ ይጫወታሉ፣ ያውም በጣም። ጥሩ ተጫዋች መሆንና ብሊትዝ ላይ ጥሩ መሆን አብረው እንደሚሄዱም አያከራክርም። ቦቢ ፊሸር በ1970 ዩጎዝላቪያ ውስጥ ኸርሴግ ኖቪ በተባለች ከተማ በተካሄደ የብሊትዝ ውድድር ከ22 ጨዋታ 19 ነጥብ ሰብስቧል። ሁለተኛ የወጣውን ሚካኤል ታልን በ4 ነጥብ ተኩል ነው የበለጠው። ማግነስ ካርልሰን በ2014፣ በ2019 እና በ2022 የክላሲካሉን፣ የራፒዱንና የብሊትዙን የዓለም ዘውድ በአንድ ጊዜ ይዞ ነበር። በ2018 ለንደን ላይ ከካሩአና ጋር 12ቱንም ክላሲካል ጨዋታ አቻ ወጥቶ በራፒድ 3 ለ 0 ነው ያሸነፈው። ፈጣን መሆን ዋጋ የለውም የሚል ሰው ካለ ይህን ይመልስ።

ብሩስ በርንስ የተባለ ተመራማሪ በ2004 ያወጣው ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። በተጫዋቾች ችሎታ መካከል ካለው ልዩነት እስከ 81 በመቶ የሚሆነው ከመደበኛው ጊዜ 5 በመቶ እንኳ በማይሞላ ሰዓት በሚያሳዩት ብቃት ይገለጻል ይላል። ጓደኛህ ይህን ቁጥር ቢያገኘው በደስታ ያሳይህ ነበር። ግን ልብ በል። ጥናቱ የሚነግረን ጎበዝ የሆነ ሰው በብሊትዝም ጎበዝ መሆኑን ነው። ብሊትዝ በመጫወቱ ጎበዝ ሆነ አይልም።

እነዚያ ሰዎች በአራት ሰከንድ የሚያዩት ነገር ከየት መጣ? በ1973 ዊልያም ቼስና ኸርበርት ሳይመን የሠሩት ሙከራ አለ። ለጠንካራ ተጫዋችና ለጀማሪ ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለ5 ሰከንድ ያሳያሉ። ከዚያ ጠጠሮቹን ከትዝታ መልሰው እንዲደረድሩ ይጠይቃሉ። ጠንካራው አብዛኛውን በቦታው ያስቀምጣል፤ ጀማሪው ጥቂቱን ብቻ። ጠጠሮቹ ያለ ሥርዓት ተበትነው ሲቀርቡ ግን ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ማለትም ጠንካራው ተጫዋች የተለየ የማስታወስ ኃይል የለውም። ያለው በብዙ ዓመት የተጠራቀመ የሰሌዳ ቅርጽ ነው። ግራንድማስተር ብሊትዝ ሲጫወት ከዚያ ክምችት እየመዘዘ ነው። አንተ ገና ክምችቱን እየሠራህ ነው። ምን ልትመዝ?

ክምችቱ በምን እንደሚሠራም የተጠና ነገር አለ። ኒል ቻርነስና ባልደረቦቹ በ2005 ባወጡት ጥናት የተጫዋቾችን ሬቲንግ ከሁሉም በላይ የሚተነብየው ለብቻ ተቀምጦ በጥሞና ያጠኑት ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ግራንድማስተሮቹ ቼዝን በቁም ነገር በያዙባቸው የመጀመሪያ አሥር ዓመታት ለብቻቸው ወደ 5000 ሰዓት አጥንተዋል። መካከለኛ ተጫዋቾች ከዚህ አንድ አምስተኛ ያህሉን ነው ያጠኑት። እዚህ ላይ «ረጅም ጨዋታ ብቻ ተጫወት» የሚለውም ምክር ጎዶሎ መሆኑን ታያለህ። ረጅም ጨዋታ የሚጠቅመው ከጨዋታው በኋላ የምታጠናው ነገር ስለሚተውልህ ነው። አንድ ሰዓት ተጫውቶ ውጤቱን አይቶ ስልኩን የሚዘጋ ሰው ከብሊትዙ ብዙም አልተሻለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ትልልቆቹም ቢሆኑ ሰዓት ሲያጥር ይበላሻሉ። ክሪስቶፈር ቻብሪስና ኤሊየት ኸርስት በ2003 የግራንድማስተሮችን ጨዋታ በኮምፒውተር መርምረው ነበር። በራፒድ የሠሩት ስህተት በክላሲካል ከሠሩት በቁጥርም በክብደትም በልጦ ተገኘ። እነሱ ይህን ያህል ከጠፋባቸው እኔና አንተ ላይ ምን ያህል እንደሚሆን ገምት። ብሊትዝ ሳያበዙ ጫፍ መድረስ እንደሚቻልም ጉኬሽ ማሳያ ነው። በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የብሊትዝ ሬቲንጉ ከክላሲካሉ ከ100 ነጥብ በላይ ያንስ ነበር።

በነገራችን ላይ ፍጥነት ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የሚጀምረው «ወረራ» በሚባለው ምዕራፍ ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ እየፈጠኑ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ በተራ፣ በእርጋታ ይቀጥላል። መጀመሪያ ሩጫ፣ ደም ሲፈስ ግን ሐሳብ። የዛሬው የስልክ ተጫዋች እስከ መጨረሻው ወረራ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ለአንተ የምመርጥልህ 15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ነው። 40 እርምጃ ከሄደ ለሁለታችሁም ተደምሮ ቢበዛ 43 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ካለህ አንድ ሰዓት ሩብ ሰዓት ይተርፍሃል፤ እሱ ለግምገማ ነው። በሳምንት ሁለት ማታ ይህን አድርግ። ሦስተኛውን ማታ ጨዋታ አትክፈት። ፐዝል (የቼዝ እንቆቅልሽ) ሥራ፤ ግን በሰዓት የሚሮጠውን ዓይነት አይደለም። አንዱን ፐዝል አምስት ደቂቃም ይፍጅ፤ መልሱን እስከ መጨረሻው በጭንቅላትህ ሳታይ ጠጠር አትንካ። ቅዳሜ ወይም እሁድ ጊዜ ካገኘህ 30 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ጭማሪ ጋር አንድ ጨዋታ ተጫወት። እሱ ለውድድርህ ትክክለኛው ልምምድ ነው።

ጊዜ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ በጊዜው መጠቀም ሌላ። ከብሊትዝ የሚመጡ ተጫዋቾች ላይ ደጋግሜ የማየው የ15 ደቂቃ ጨዋታ ጨርሰው ሰዓታቸው ላይ 11 ደቂቃ ሲቀር ነው። ረጅም ጨዋታ በብሊትዝ እጅ ተጫወቱ ማለት ነው። ይህ ከብሊትዙም የባሰ ነው፤ ተጋጣሚህ እያሰበ አንተ ብቻህን ትቸኩላለህ። ስለዚህ ከጨዋታው በኋላ መጀመሪያ የምታየው የቀረህን ሰዓት ይሁን። ሊቼስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ እርምጃ ስንት ሰከንድ እንዳጠፋህ የሚያሳይ ግራፍ አለ። ጨዋታው የተበላሸበትን እርምጃ ፈልግና እዚያ ላይ ስንት ሰከንድ እንዳሰብክ ተመልከት። በዚህ ደረጃ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባል የለ።

በዚያ ትርፍ ሰዓት ምን ታስባለህ? ምሳሌ ልስጥህ። ተጋጣሚህ በወታደሩ ፈረስህን አስፈራራ። በብሊትዝ እጅህ ወዲያው ፈረሱን ያሸሻል። በረጅሙ ጨዋታ መጀመሪያ «ወታደሩ ሲገፋ ምን ባዶ ቀረ? የትኛው መስመር ተከፈተ?» በል። ቀጥሎ «ፈረሱን ባላሸሽስ? ቼክ አለኝ ወይ? የምበላው ትልቅ ነገር አለ ወይ? እኔስ ንግሥቱን ባስፈራራ?» ብለህ ፈትሽ። ከዚያ ቢያንስ ሁለት አማራጭ አወዳድር። የመረጥከውን ከመጫወትህ በፊት ደግሞ ራስህን በተጋጣሚህ ወንበር አስቀምጥና «ይህን ቢጫወትብኝ ምን እመልስለት ነበር?» ብለህ ጠይቅ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ብቻዋን ብዙ ንግሥት ታድናለች። መጀመሪያ ላይ ይህ ሁሉ አድካሚ ነው፤ ሰዓትም ይበላል። እየዋለ እያደረ ግን ሳታስበው የምታደርገው ይሆናል፤ ያኔ ብሊትዝህም ሳትለማመደው ይሻሻላል።

ግምገማው ላይ የማልደራደርበት ነገር ቢኖር ኢንጂን (እርምጃዎችን የሚመረምር የኮምፒውተር ፕሮግራም) ከመክፈትህ በፊት በራስህ ማየት ነው። ደብተር ያዝ። ጨዋታው ውስጥ ግራ የገባህን፣ ፍርሃት የያዘህን፣ «አሸነፍኩ» ያልክበትን ቦታ ሦስት ያህል ምረጥ። ያኔ ምን እንዳሰብክ በአንድ መስመር ጻፍ። ከዚያ ስቶክፊሽ የሚባለውን ኢንጂን ክፈት። እሱ ቁጥር ይነግርሃል፤ ምክንያቱን ግን አንተ ፈልገህ ማግኘት አለብህ። ሐሳብህን ቀድመህ ካልጻፍክ ኢንጂኑ ያለው ሁሉ «አዎ አውቄው ነበር» ያሰኝሃል። ሩብ ሰዓት ለዚህ ይበቃል። የተሸነፍከውን ብቻ ሳይሆን ያሸነፍከውንም እየው፤ ወጥመድ ሠርቶልህ ያሸነፍክበትን ደግሞ በተለይ።

ስለ ኔትወርኩ። መስመር ሲቋረጥ ሰዓትህ መቁጠሩን አያቆምም፤ ለረጅም ጊዜ ከጠፋህ ተጋጣሚህ ድሉን ሊወስድ ይችላል። ጭማሪ ሰከንድ ያለበትን ምረጥ የምልህ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ግማሽ ደቂቃ ቢጠፋብህም ቀስ እያልክ ታገግማለህ። መቋረጡ በየማታው ከሆነ ግን የደብዳቤ ቼዝ የሚባለውን ሞክር። ለአንድ እርምጃ አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን የሚሰጥ ነው። ኔትወርክ ሲመጣ ትጫወታለህ፤ ሲሄድ ደግሞ ሰሌዳ ዘርግተህ ታስባለህ። ሊቼስም ቼስ ዶት ኮምም ላይ አለ። የኦፕኒንግ መጽሐፍ ማየት ይፈቀዳል፤ ኢንጂን ግን ክልክል ነው። ሦስት አራት ጨዋታ ብቻ ያዝ። ሃያ ከከፈትክ እሱም ወደ ብሊትዝ ይቀየራል። በየአገሩ በፈረቃ የሚሠሩ ወገኖቼም እንደ አንተው ጊዜ የለኝም ሲሉኝ የምመልስላቸው ይህንኑ ነው። ሊቼስ መተግበሪያ ላይ ደግሞ ፐዝሎቹ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራሉ።

ብሊትዝን ተው አልልህም። ብልህም አትተወውም። ግን ሥራ ስጠው። አዲስ የተማርከውን ኦፕኒንግ ለመሞከር ከብሊትዝ የተሻለ ነገር የለም። በአንድ ማታ አምስት ስድስት ጊዜ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ትደርሳለህ፤ ሰዎች ምን እንደሚመልሱም ታያለህ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች ብቻ ተመልክተህ የት እንደወጣህ ለይ። 3 ደቂቃውንም በ5 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ቀይረው፤ ቢያንስ ያሸነፍከውን ጨዋታ በሰዓት ብቻ አትነጠቅም። በሳምንት አንድ ማታ ይበቃሃል። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከተሸነፍክ ስልኩን አስቀምጥ። እልህ ከያዘህ በኋላ የምትጫወተው ቼዝ አይደለም፤ ስለሱ ለማንም ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም፣ ሁላችንም ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ እናውቀዋለን። የአንድ ደቂቃውን ቡሌት ደግሞ እንደ መዝናኛ ውሰደው፤ ለመሻሻል ብለህ አትክፈተው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ አይሉም። በረጅሙ ሰዓት የሚገጥሙህ ሰዎች እንደ ብሊትዞቹ በወጥመድ አይወድቁም። ትሸነፋለህ፤ «ብሊትዝ ላይ ይሻለኝ ነበር» ማለትህ አይቀርም። መተግበሪያዎቹ የራፒዱንና የብሊትዙን ሬቲንግ ለየብቻ ስለሚይዙ ሁለቱን አታወዳድር። በዚያ ወቅት የምትከታተለው ቁጥር በአንድ ጨዋታ ጠጠር በነጻ ስንት ጊዜ እንደሰጠህ ይሁን።

ለውድድሩ ደግሞ ስልክ የማያስተምርህ ጥቂት ነገር አለ። መጀመሪያ፣ ሰሌዳው ራሱ። ስክሪን ላይ ከላይ እያየህ የለመድከው ሰው ከጠረጴዛ ጎን ስትቀመጥ ረጅሙ የቢሾፕ መስመር ይጠፋብሃል። ካሁኑ የእንጨትም ሆነ የፕላስቲክ ሰሌዳ ግዛና ፐዝሎቹን እዚያ ላይ እየደረደርክ ሥራ። የስልክ ሰዓት መተግበሪያ አውርደህ ከጓደኛህ ጋር 60 ደቂቃ ቢያንስ ጥቂት ጊዜ ተጫወቱ። ያ «ብሊትዝ ይሻላል» ያለውን ጓደኛህን ጋብዘው። ሕጉንም ልመደው፤ የነካኸውን ጠጠር ትጫወታለህ፣ ሰዓቱን የምትጫነው ጠጠሩን ባንቀሳቀስክበት እጅ ነው፣ ስልክ ወደ መጫወቻው ቦታ ይዞ መግባት ጨዋታ ያሸንፋል፣ ለተጋጣሚህ ማለቴ ነው።

እርምጃዎቹን በእጅህ መጻፍም ግዴታ ነው። በብሊትዝና በራፒድ አይጠየቅም፤ በክላሲካል ግን ይጠየቃል። ቤት ውስጥ ረጅሙን ስትጫወት ካሁኑ መጻፍ ጀምር። የተጋጣሚህን እርምጃ ጻፍ፣ ብዕሩን አስቀምጥ፣ ከዚያ አስብ። እጅህን የሚያስቆምልህ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

የመጀመሪያው ዙር ላይ ከፊትህ የሚቀመጠው ሰው በፍጥነት እየተጫወተ ሰዓቱን እየደበደበ ሊረብሽህ ይችላል። አትከተለው። 20ኛው እርምጃ ላይ ስትደርሱ አንተ ጋ 30 ደቂቃ፣ እሱ ጋ 50 ቢቀር ምንም አልሆንክም፤ ጨዋታው የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነውና ያጠራቀምከውን እዚያ ላይ አውጣው። ከውድድሩ በኋላ የጻፍክባቸውን ወረቀቶች አትጣላቸው፤ ከፈለግክ ሁለቱን ላክልኝና አብረን እናያቸዋለን።